የሰፈርን መልክ ከንግድ ግንባታ ጫና መጠበቅ፦ ለሚደራጁ ነዋሪዎች መመሪያ

አብዛኛው ነዋሪ በሰፈሩ ትልቅ የንግድ ሕንፃ ሊቆም መሆኑን የሚያውቀው ቦታው ሲታጠርና የመቆፈሪያ ማሽን ሲገባ ነው። በዚያን ሰዓት ግን ዋናው ነገር አልቋል፤ የመሬት አጠቃቀሙ ተለውጧል፣ የሕንፃው ከፍታ ጸድቋል፣ አልሚውም ለዲዛይንና ለባንክ ወለድ ገንዘብ ማውጣት ከጀመረ ቆይቷል። ከዚህ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ የቱንም ያህል እውነት ቢኖረው ሰሚ የሚያገኘው በጥቃቅን ጉዳዮች ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ በሁለት ነገሮች ላይ ያተኩራል፤ አንደኛው ነዋሪዎች ውሳኔው ሳያልፍ እንዴት እንደሚደርሱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሲደርሱ ወሳኙ አካል በውሳኔው ላይ ሊጽፈው የሚችል ነገር ይዘው እንዴት እንደሚቀርቡ ነው። እኔ እንዳየሁት ብዙ ኮሚቴዎች የሚወድቁት በሁለተኛው ላይ ነው።

መልክን ወደ ልኬት መለወጥ

«ሰፈራችን መልኩን እያጣ ነው» የሚለው አነጋገር በሰፈሩ ለሚኖር ሰው ሁሉን ነገር ይናገራል፤ ማመልከቻ ለሚመረምር ባለሙያ ግን ምንም አይነግረውም። ባለሙያው የሚሠራው በሜትር፣ በካሬ ሜትር፣ በሰዓትና በዴሲቤል ነው። የእንግሊዝ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1967 ነጠላ ሕንፃዎችን ብቻ ሳይሆን ሰፈሮችን በሙሉ በጥበቃ ሥር ማድረግን ሲፈቅድ የሰፈርን «ጠባይ» እና «ገጽታ» በሕግ ቃልነት አስገብቷል። ይሁን እንጂ በዚያም ቢሆን ቃሉ ብቻውን አይበቃም፤ የሰፈሩ ጠባይ ከምን ከምን እንደተሠራ የሚዘረዝር ግምገማ በአብዛኛው ይዘጋጅለታል፣ ክርክሩም ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በዚያ ጽሑፍ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ግምገማ መንግሥት እስኪያዘጋጀው መጠበቅ አያስፈልግም፤ ነዋሪው ራሱ ሊጽፈው ይችላል፣ ቀድሞ የጻፈም የክርክሩን ሜዳ ይመርጣል።

ሥራው የሚጀመረው በእግር ነው። ሦስት ሰዎች ሜትር፣ ማስታወሻ ደብተርና የስልክ ካሜራ ይዘው የሰፈሩን ዋና መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሂዱ። አንዱ የሜትሩን ጫፍ በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ይይዛል፣ ሌላው እስከ ሕንፃው ግድግዳ ድረስ ይዘረጋዋል፣ ሦስተኛው ቁጥሩን ይጽፋል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳሉ። መጀመሪያ ላይ ቁጥሮቹ ዝብርቅርቅ ብለው ይታያሉ። ሃያኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ነገር ብቅ ይላል፤ ለምሳሌ ከሁለት ወይም ከሦስት ቤቶች በቀር ግድግዳዎቹ ሁሉ ከመንገዱ ከ3 እስከ 4 ሜትር ገባ ብለው መሠራታቸው፣ ማንም በጽሑፍ ባያወጣውም ሰፈሩ ሲያከብረው የኖረው ደንብ መሆኑ ይታወቃል። አዲሱ ሕንፃ እስከ መንገዱ ጠርዝ ድረስ ይወጣል ከተባለ አቤቱታው «አስቀያሚ ነው» መባሉ ይቀርና «ከ40 ቤቶች በ37ቱ የተጠበቀውን ርቀት ያፈርሳል» የሚል ይሆናል።

በሮችን መቁጠርም እንዲሁ ጠቃሚ ነው፤ እንዲያውም ከሁሉም ልኬቶች እኔ የምወደው ይህንን ነው። ዴንማርካዊው አርክቴክት ያን ጌል እና ባልደረቦቹ የመንገድ ዳር ሕንፃዎችን ሕያውነት ሲመድቡ በ100 ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ15 እስከ 20 በር ያለውን መንገድ ከሁሉ የላቀ ሕያው፣ ከ0 እስከ 2 በር ብቻ ያለውን ደግሞ የሞተ ብለው መድበዋል። የሰፈር መንገድ ጠባዩን የሚያጣው ብዙ ጊዜ በሕንፃው ቁመት ሳይሆን፣ ትንንሽ በሮች የነበሩበት ቦታ በአንድ ረጅም መስተዋትና በአንድ ጥበቃ በሚቆምበት በር ሲተካ ነው። ይህንን በቁጥር ያስረዳ ኮሚቴ ሕንፃው እንዳይሠራ ሳይጠይቅ «የመሬት ወለሉ በየ7 ሜትሩ ወደ መንገዱ የሚከፈት በር ይኑረው» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ይህም አርክቴክቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስሎ ሊያመጣው የሚችል ነገር ነው።

ቁመትን በወለል ብዛት አይቀበሉ፤ ሁልጊዜ በሜትር ይጠይቁ። ምድሩን ጨምሮ 6 ወለል ያለው የመኖሪያ ሕንፃ፣ የአንዱ ወለል ከፍታ 3 ሜትር ቢሆን፣ 18 ሜትር ይሆናል። የንግድ ሕንፃ ግን ምድሩን 5 ሜትር፣ ቀሪዎቹን አምስት ወለሎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 4 ሜትር አድርጎ በዚያው «6 ወለል» 25 ሜትር ይደርሳል፣ ጣሪያው ላይ የሚቀመጡት የማቀዝቀዣና የሊፍት ክፍሎች ሳይቆጠሩ ማለት ነው። የልዩነቱ ትርጉም በጥላ ይታያል። ፀሐይ ከአድማስ በ45 ዲግሪ ከፍ ስትል የጥላ ርዝመት ከሕንፃው ቁመት ጋር እኩል ነው፤ በ30 ዲግሪ ላይ ስትሆን ግን ጥላው የቁመቱ 1.7 እጥፍ ይሆናል። እናም የ18 ሜትሩ ሕንፃ 31 ሜትር ገደማ፣ የ25 ሜትሩ ደግሞ 43 ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። በመካከል ያለው 12 ሜትር የአንድ ቤተሰብ ግቢ በሙሉ ሊሆን ይችላል። ይህንን በካርታ ላይ አስምሮ ማቅረብ መሐንዲስ መሆን አይጠይቅም፤ ማስመሪያና የትምህርት ቤት ሒሳብ ይበቃዋል።

ስለ ጫጫታም «ይረብሸናል» ከማለት ምንጩንና ሰዓቱን ለይቶ መጻፍ ይሻላል። የገበያ ማዕከል ጫጫታ ሲባል ሰው የሚያስበው ሙዚቃን ነው፤ ነዋሪውን እንቅልፍ የሚነሳው ግን በአብዛኛው ከሕንፃው ጀርባ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ዕቃ የሚያራግፈው መኪና፣ ጄኔሬተሩና የማቀዝቀዣው ማራገቢያ ነው። የድምፅ መጠን በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ለሰው ጆሮ በእጥፍ የጨመረ ያህል ይሰማል፤ በገላጣ ቦታ ከአንድ ምንጭ የሚነሳ ድምፅ ደግሞ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ስለዚህ ጄኔሬተሩ ከመኝታ ቤት መስኮት 5 ሜትር ላይ ይሁን 20 ሜትር ላይ የሚለው ጥያቄ የ12 ዴሲቤል ጥያቄ ነው፤ ገና ሥዕሉ ወረቀት ላይ እያለ ቦታውን ማዛወር ደግሞ ምንም ያህል ወጪ የለውም።

በሜትር የማይለካ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ሰዎች የሚገናኙበት ጥግ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ባዶ ቦታ፣ ለሰፈሩ ምልክት የሆነ ዛፍ በቁጥር አይገቡም። እነዚህን በነዋሪዎች ምስክርነትና ከአንድ ቦታ ላይ በተለያየ ሰዓት በተነሱ ፎቶዎች ያስደግፏቸው፤ ከልኬቶቹ ቀጥለው ሲመጡ ብቻቸውን ከሚቀርቡበት ጊዜ የበለጠ ክብደት አላቸው።

ውሳኔው የሚወለድበትን ቦታ ማወቅ

አሠራሩ ከአገር አገር ይለያያል፤ ይሁንና በአብዛኛው ሦስት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው የከተማው አጠቃላይ ፕላን ነው፤ በዓመታት አንዴ ይከለሳል፣ የትኛው ሰፈር ለመኖሪያ፣ የትኛው ለንግድ እንደሚውልም የሚወሰነው በእርሱ ነው። ሁለተኛው ቁመትን፣ ከመንገድ መራቅን፣ የመኪና ማቆሚያንና የወለል ስፋትን የሚወስነው ዝርዝር ደንብ ነው። ሦስተኛው ለአንድ ሕንፃ የሚሰጠው ፈቃድ ሲሆን፣ ከደንቡ ወጣ ብሎ ለመሥራት የሚጠየቀው ልዩ ፈቃድም እዚህ ይገባል። ሕዝብ በብዛት የሚሰበሰበው በሦስተኛው ላይ ነው፤ የነዋሪ ድምፅ ትልቅ ኃይል የሚኖረው ግን በመጀመሪያውና በሁለተኛው ላይ ነው፣ ምክንያቱም ማመልከቻው ከደንቡ ጋር ከተስማማ ሹሙ ቢፈልግ እንኳ የሚከለክልበት መሠረት ላይኖረው ይችላል። የከተማ ፕላን ክለሳ ስብሰባ አሰልቺ ነው፣ ወንበሮቹም ባዶ ናቸው፤ ከሰፈሩ ሁለት ሰው ሳያቋርጥ ቢገኝ ያተርፋል።

አንድ ማመልከቻ መግባቱ ከተሰማ ወዲያው በጽሑፍ መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች የሚከተሉት ናቸው፤ የመዝገቡ ቁጥር ስንት ነው፣ ማን ይወስናል፣ በየትኛው ደንብ ይመዝናል፣ አስተያየት የሚቀበለው እስከ መቼ ነው፣ ውሳኔው ከተሰጠ በኋላስ ይግባኝ የሚባለው በስንት ቀን ውስጥ ነው? ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ገቢ የሆነበት ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ሰፍሮበት ወደ ኮሚቴው ይመለስ። በቃል የተሰጠ መልስ ሹሙ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። የይግባኝ ቀን በብዙ አገር አጭር ነው፤ በበዓልና በዕረፍት ሰሞን የተለጠፈ ማስታወቂያ ሰው ሳያየው ጊዜው ሊያልፍ ስለሚችል፣ የማስታወቂያ ሰሌዳውን በየሳምንቱ የሚያይ ሰው በስም ይመደብ።

ሰዎችን ማሰባሰብ

ኮሚቴው ትንሽ ይሁን፣ የሚወክለው ግን ሰፊ። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ያለው፣ ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ አነስተኛ ቡድን ይበቃል። ከዚያ ወጥቶ ግን ቤት ለቤት መሄድ ግድ ነው፤ በተለይም ብዙ ጊዜ የማይጠየቁት ተከራዮችና ትንንሽ ነጋዴዎች መጠየቅ አለባቸው። የቤት ባለቤቱ ሰፈሩ ሲለወጥ የቦታው ዋጋ ሊጨምርለት ይችላል፤ ተከራዩ ግን ይለቃል። የእነዚህ ሁለት ሰዎች ፍላጎት አንድ እንዳልሆነ ከመጀመሪያው በግልጽ ካልተነገረ አልሚው በኋላ ራሱ ያገኘዋል። ቦታውን ለአልሚው ለመሸጥ የሚነጋገር የኮሚቴ አባል ካለም ይህንኑ አሳውቆ ከኮሚቴው ቢወጣ ለእርሱም ለሰፈሩም ይበጃል።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችው ሕግ ነዋሪዎች የራሳቸውን የሰፈር ፕላን እንዲያዘጋጁ ሲፈቅድ፣ ለዚህ የሚቋቋመው መድረክ ቢያንስ 21 አባላት እንዲኖሩት፣ በሰፈሩ የሚኖሩ ብቻ ሳይሆኑ የሚሠሩም እንዲገቡበት፣ ፕላኑም በሕዝበ ውሳኔ ከግማሽ በላይ ድምፅ እንዲያገኝ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት አገር ያለ ኮሚቴም ይህንን ልክ ለራሱ ቢያወጣ «ጥቂት ጩኸታም ሰዎች» ከሚለው ክስ ይድናል።

ስለ ኮሚቴው ስም አንድ ነገር ልጨምር። በኒው ዮርክ ከተማ በግሪንዊች ቪሌጅ የሚገኘውን የዋሽንግተን ስኩዌር መናፈሻ ለሁለት የሚከፍል መንገድ ለመሥራት የከተማው የመናፈሻዎች ኃላፊ ሮበርት ሞሰስ ሲያቅድ፣ ሸርሊ ሄይስ የተባለች የልጆች እናት እ.ኤ.አ. በ1952 ተቃውሞውን ጀመረች፤ ስለ ከተሞች የምትጽፈው ጋዜጠኛ ጄን ጃኮብስም በኋላ ገባችበት። በ1958 የተቋቋመው የጋራ ኮሚቴ ስሙ ራሱ «ዋሽንግተን ስኩዌርን ለመኪና ለመዝጋት» የሚል ነበር። ስለ መናፈሻው የወደፊት ሁኔታ የተለያየ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች ሁሉ በአንዲቷ ጉዳይ ላይ ተስማምተው ስለሚፈርሙ ሌላው ልዩነታቸው ለተቃራኒ ወገን መግቢያ ቀዳዳ አልሆነም። የጠየቁትም ትንሽ ነገር ነበር፤ መንገዱ ለሙከራ ይዘጋ አሉ። በዚያው ዓመት ተዘጋ፤ ይፈጠራል የተባለው የመኪና መጨናነቅ ሳይመጣ ቀረ፣ በሚቀጥለው ዓመትም መዘጋቱ ቋሚ ሆነ። ሙከራ መጠየቅ ለሹሙ ሳያፍር ሐሳቡን የሚቀይርበት በር ይከፍትለታል።

አጋር ሲፈልጉም ከተለመደው ወጣ ብለው ያስቡ። እ.ኤ.አ. በ1971 በሲድኒ ሃንተርስ ሂል በተባለው ሰፈር 13 ሴቶች ኬሊስ ቡሽ የተባለውን የወንዝ ዳር ጫካ ከቤት አልሚ ለማዳን ያላንኳኩት በር አልነበረም፤ መንግሥት ፊቱን ሲያዞርባቸው በጃክ መንዲ ወደሚመራው የግንባታ ሠራተኞች ማኅበር ሄዱ። ማኅበሩ ወዲያው እሺ አላለም፤ የሰፈሩ ሰው በእርግጥ ከጎናችሁ መሆኑን በሕዝባዊ ስብሰባ አሳዩን አላቸው። 600 ያህል ሰው መጣ፤ ሠራተኞቹም በቦታው ላይ አንሠራም አሉ። ጫካው ዛሬም አለ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ የማተኩረው በስብሰባው ላይ ነው፤ አጋር የሚገኘው ድጋፍ መኖሩ በዓይን ሲታይ ነውና።

ፊርማ ማሰባሰብን በተመለከተ አጭር ማስጠንቀቂያ አለኝ። እኔ በነበርኩበት አንድ ኮሚቴ በብዙ ድካም የተሰበሰበ የፊርማ ጥራዝ ከነጭራሹ ውድቅ ተደርጎብናል፤ ምክንያቱም በየገጹ አናት ላይ የጥያቄው ጽሑፍ አልነበረም፤ ከመጀመሪያው ገጽ በቀር ሌላው ባዶ ሰንጠረዥ ነበር። «እነዚህ ሰዎች ለምን እንደፈረሙ አይታወቅም» ተባልን፤ እውነታቸውን ነበር። እያንዳንዱ ገጽ ጥያቄውን በሙሉ፣ የፈራሚውን ስም፣ አድራሻና ቀን ይያዝ።

«አንፈልግም» ከሚለው ማለፍ

የሰፈር መልክ የሚለው ቃል ንጹሕ ታሪክ የለውም። የአሜሪካ ከተሞች ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን መንገዶች በከተማ ደንብ ለይተው ሲያስቀምጡ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1917 ይህንን ከልክሏል፤ ከዚያ በኋላ ግን በቤት ሽያጭ ውሎች ውስጥ ተመሳሳይ ክልከላ ቀጥሎ እስከ 1948 ድረስ ፍርድ ቤቶች ያስፈጽሙት ነበር። የመሬት አጠቃቀም ደንብን ሕጋዊ ያደረገው የ1926ቱ ውሳኔም የአፓርታማ ሕንፃን በመኖሪያ ቤቶች መካከል እንደ ጥገኛ ተውሳክ ቆጥሮ ጽፏል። ስለዚህ ኮሚቴው ጥያቄዎቹን ሲጽፍ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «ይህ ስለ ሕንፃና ስለ አጠቃቀም ነው ወይስ ስለሚመጡት ሰዎች?» ብሎ ይፈትነው። ስለ ሰዎች ከሆነ ይሰረዝ። ተገቢ ካለመሆኑም በላይ አንዲት እንዲህ ያለች ዓረፍተ ነገር የቀረውን ሁሉ ታበላሻለች።

ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሰነድ «ምን ቢሟላ እንቀበላለን» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቆጣል፤ መደራደር መሸነፍ ይመስለዋል። ነገር ግን ወሳኙ አካል ፊት ሁለት ወረቀት ብቻ ከቀረበ፣ አንዱ የአልሚው ሙሉ ዕቅድ፣ ሌላው የነዋሪው «አይሆንም»፣ መካከለኛ መንገድ ፈልጎ የሚጽፈው ሹሙ ራሱ ይሆናል፤ የሚጽፈውም በአልሚው ወረቀት ላይ ነው። ነዋሪው የራሱን ቅድመ ሁኔታ አርቅቆ ካመጣ ግን ቃላቱ እንዳሉ ወደ ውሳኔው ሊገለበጡ ይችላሉ።

በሎስ አንጀለስ የስቴፕልስ ሴንተር ስታዲየም አካባቢ ሊሠራ የታቀደውን የመዝናኛና የንግድ ሠፈር በተመለከተ የነዋሪዎችና የሠራተኞች ማኅበራት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2001 ከአልሚው ጋር ውል ተፈራርሟል። ውሉ ለአካባቢው ሰዎች የሥራ ቅድሚያን፣ አቅምን ያገናዘቡ ቤቶችን፣ መናፈሻንና ለነዋሪዎች የተለየ የመኪና ማቆሚያ ፈቃድን ያካተተ ሲሆን፣ ጥምረቱም በበኩሉ ፕሮጀክቱን ላለመቃወም ተስማምቷል። የዚህ ዓይነት ውል ጥንካሬ ያለው በሁለት አንቀጾች ላይ ነው፤ ግዴታው ቦታውን በኋላ ለሚገዛው ሰው ይተላለፋል የሚለውና ካልተፈጸመ ማን የት ይከሳል የሚለው። እነዚህን ለማርቀቅ ለጠበቃ መክፈል ተገቢ ወጪ ነው።

ሌላው መንገድ ደንቡን ራሱን ማሻሻል ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 መራጩ ሕዝብ ባጸደቀው ደንብ መሠረት፣ 11 እና ከዚያ በላይ ሌሎች ቅርንጫፎች ያሉት፣ ምልክቱም ሆነ የውስጥ አሠራሩ አንድ ዓይነት የሆነ የንግድ ሰንሰለት በሰፈር የንግድ መንገዶች ላይ ለመክፈት ልዩ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ደንቡ የማንንም ስም አይጠራም፤ በቁጥርና በባሕርይ ለይቶ የሕዝብ ውይይት እንዲደረግ ብቻ ያስገድዳል። የሰፈርን የንግድ ጠባይ መጠበቅ ለሚፈልግ ኮሚቴ ከዚህ የተሻለ የአረቃቀቅ ምሳሌ አላውቅም።

በመድረኩ ላይ

የሕዝብ አስተያየት በሚሰማበት ዕለት ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። አሥር ሰው ተነስቶ አንዱን ቁጣ አሥር ጊዜ ከሚናገር አንዱ ስለ ጥላው፣ ሌላው ስለ ጭነት መኪናው፣ ሦስተኛው ስለ ፍሳሽ መስመሩ እንዲናገር አስቀድሞ ይከፋፈል። የመጨረሻው ተናጋሪ ቅድመ ሁኔታዎቹን ያንብብና ጽሑፉን ለጸሐፊው ያስረክብ። የተነገረው ሁሉ በቃለ ጉባኤ መግባቱን ያረጋግጡ፤ ይግባኝ ሰሚው የሚያየው የተጻፈውን ነው።

መሸነፍም አለ። የኒው ዮርኩ ፔንሲልቬኒያ ባቡር ጣቢያ እንዳይፈርስ እ.ኤ.አ. በ1962 አርክቴክቶች ሰልፍ ወጡ፤ ማፍረሱ በ1963 ተጀመረ። ሆኖም ያኔ የተሰባሰበው ሕዝብ አልተበተነምና ከተማው በ1965 የቅርስ ጥበቃ ሕግ አወጣ፤ በግራንድ ሴንትራል ጣቢያ አናት ላይ ከ50 ወለል በላይ ያለው ሕንፃ ሊሠራ ሲታሰብም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 ሕጉን አጸናው። በመጀመሪያው ጉዳይ የተሸነፈ ኮሚቴ መዝገቡን አያቃጥል፤ ለሚቀጥለው ደንብ ማሻሻያ ጥሬ ዕቃው እርሱ ነው።

ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ

በፈቃዱ ላይ የተጻፉ ቅድመ ሁኔታዎች ተቆጣጣሪ ከሌላቸው በራሳቸው አይፈጸሙም። የፈቃዱን ቅጂ ወስደው እያንዳንዱን ቅድመ ሁኔታ በአንድ ዓምድ፣ መቼ መፈጸም እንዳለበት በሌላ ዓምድ ይጻፉ፤ የሥራ ሰዓት፣ የመኪና መግቢያ፣ የአቧራ መከላከያ እያሉ። ከሥራ ተቋራጩ ዘንድ ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው በስም ይጠየቅ። ጥሰት ሲታይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ፎቶውን መዝግቦ በዚያው ዕለት ማመልከት እንጂ እስኪጠራቀም መጠበቅ አያስፈልግም።

ከሁሉ በፊት ግን፣ የመጀመሪያው ቁፋሮ ሳይጀመር፣ ከቦታው ጋር የሚዋሰኑት ቤቶች ሁሉ ግድግዳቸውን ያስመዝግቡ። ጥልቅ ቁፋሮ የጎረቤት መሠረት ሊያንቀሳቅስ ይችላል፤ ክርክሩም ሁልጊዜ «ስንጥቁ ድሮም ነበር» በሚለው ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ክፍል በየማዕዘኑ፣ ያለውን ስንጥቅ ደግሞ አጠገቡ ማስመሪያ አስደግፈው ፎቶ ያንሱ፤ በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ በእርሳስ ምልክትና ቀን ይጻፉ፤ የፎቶዎቹንም አንድ ቅጂ ለሥራ ተቋራጩ አስፈርመው ይስጡ፣ አንዱን ከቤቱ ውጭ በሌላ ሰው ዘንድ ያስቀምጡ።